የሚዋሽ ዲበገር፦ ለጂዲቢ አዲስ ፕሮሰሰር ስለማስተማር

ደብረ ብርሃን ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ የሚመረጡት ርእሶች ከወዲሁ ይታወቃሉ፦ የክሊኒክ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም፣ የተማሪዎች ምዝገባ። ነውር የለባቸውም። ግን አንድ ዳታቤዝና ጥቂት ፎርሞች ተሠርተው ያልቃሉ፤ ተማሪውም ፕሮግራሙ የሚሮጥበትን ማሽን ሳያውቅ ጋውን ይለብሳል። እኔ ብጠየቅ የማስቀድመው ርእስ ሌላ ነው፤ አንድ ዲበገር፣ ማለትም ፕሮግራምን መካከል ላይ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ የስሕተት መፈለጊያ፣ የማያውቀውን ፕሮሰሰር እንዲያውቅ ማድረግ። ቦርድ መግዛት አይጠይቅም፣ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስም አይጠይቅም። መሐል ሜዳም ሆነ ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ፣ ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕና ኪውኢሙ በተባለው ኢሙሌተር (ሌላ ማሽን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ይሠራል።

ሥራው በኮድ ብዛት አይከብድም። ሜሞሪ ውስጥ ያለው ባይት ብቻ ነው፤ "ይህ ቁጥር 7 ነው"፣ "ይህን ፈንክሽን የጠራው ያኛው ነው" የሚለው ሁሉ ኮምፓይለሩ፣ ከርነሉና ፕሮሰሰሩ በተስማሙት ደንብ ላይ የቆመ ትርጓሜ ነው። ዲበገሩ ደንቡን በስሕተት ከተማረ አይወድቅም፣ አይጮኽም፤ በሙሉ ልብ ይዋሻል። የተሰበረ ዲበገር ቢበዛ ያናድዳል፤ የሚዋሽ ዲበገር ግን ጤነኛ ኮድ ሲያስፈትሽ ያሳድራል። ስለዚህ አዲስ ፕሮሰሰር የሚጨምር ሰው ከሁሉ በፊት መጨነቅ ያለበት ዲበገሩ ብዙ እንዲያውቅ ሳይሆን፣ የማያውቀውን "አላውቅም" እንዲል ነው እላለሁ።

ለምሳሌ የምጠቀመው ሪስክ-ፋይቭን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረና ሰነዱ ለማንም ክፍት የሆነ ንድፍ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 የጀመረው ጂዲቢ የተባለው ዲበገር ይህን ፕሮሰሰር የተቀበለው በ2018 በወጣው 8.1 እትሙ ነው፤ ራሱ በሪስክ-ፋይቭ ሊኑክስ ላይ መሮጥ የቻለው ደግሞ በ2019 በ8.3። የቻይናው ሉንግአርች በ2022 በ12ኛው እትም ተከተለ። ሁለቱም ቅርብ ስለሆኑ ኮዳቸው ንጹሕ ነው፤ አዲስ ፕሮሰሰር የሚጨምር ሰው የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕዳ ከተሸከሙት ከቆዩት ፋይሎች ይልቅ እነዚህን ከፍቶ ቢያነብ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ሶርስ ኮዱን ማምጣት ነው። የቢንዩቲልስ (የአሴምብለሩ፣ የሊንከሩና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ጥቅል) እና የጂዲቢ ማከማቻ አንድ ነው፤ ከነታሪኩ ካወረዱት ዳታ ይጨርሳል። በጊት ጥልቀቱን 1 ብሎ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ማውረድ ይበቃል፤ ታሪኩ ካስፈለገ ኋላ ይሞላል። ግንባታው ከሶርሱ ውጭ በተለየ ማኅደር ይሁን። አሴምብለሩን፣ ሊንከሩንና ጂፕሮፍን በኮንፊገር (ግንባታውን በሚያዘጋጀው ስክሪፕት) ላይ ማጥፋት ጊዜ ይቆጥባል። ሰነድ የሚያዘጋጀው ሜክኢንፎ ከሌለ ግንባታው መጨረሻ ላይ በሰነድ ምክንያት ይወድቃል፤ ሰነዱ ለጊዜው ስለማያስፈልግ በሜክኢንፎ ቦታ "ትሩ" የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያልፈዋል።

ኤክስፓት የተባለው የኤክስኤምኤል ላይብረሪ ግን አይታለፍም። ከሌለ ኮንፊገር ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ያልፈዋል፣ ጂዲቢም ይገነባል። ከዚያ ኢሙሌተሩ የሬጅስተሮቹን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የዋጋ ማስቀመጫዎች) ዝርዝር በኤክስኤምኤል ሲልክለት ማንበብ አይችልም፤ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ጽፎ ነባሪውን ዝርዝር ይዞ ይቀጥላል። ያች መስመር ካላየናት ሬጅስተሮቹ ለምን እንደተዛቡ ስንፈልግ እንውላለን። መድኃኒቱ በኮንፊገር ላይ "ከኤክስፓት ጋር" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው፤ ያኔ ከሌለ ገና ከበሩ እምቢ ይላል።

መብራት በግንባታው መካከል ከጠፋና ላፕቶፑ ባትሪ ከሌለው ደግሞ ግንባታውን የሚያስኬደው ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ሲጻፍ የነበረ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ ፋይሉ አዲስ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ሊንኩ ላይ ሲደርስ ግን ግንባታው ይወድቃል። ከመቀጠል በፊት መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ኦብጀክት ፋይሎችን ፈልጎ ማጥፋት ነው።

ከጂዲቢ በፊት የሚነካው ቢኤፍዲ የተባለው ላይብረሪ ነው፤ የፕሮግራሙን ፋይል የሚከፍተው እሱ ነውና። በኤልፍ (የሊኑክስ ፕሮግራሞች የፋይል ቅርጽ) ፋይል ውስጥ ከመጀመሪያው 18 ባይት ዘሎ ያሉት ሁለት ባይቶች የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይይዛሉ፦ ለኤክስ86-64 ቁጥሩ 62፣ ለ64 ቢቱ አርም 183፣ ለሪስክ-ፋይቭ 243፣ ለሉንግአርች 258። ለአዲስ ፕሮሰሰር ቁጥሩ በቢኤፍዲ ካልተመዘገበ ጂዲቢ ፋይሉን አላውቀውም ይላል። ይህ ጥሩ ስሕተት ነው፤ እውነቱን ይናገራል። ቀጥሎ ባይቶችን ወደሚነበቡ ትእዛዞች የሚመልሰው የዲስአሴምብለሩ ተራ ነው፤ የሚቀመጠው ኦፕኮድስ በተባለው ክፍል ነው። ለፕሮሰሰሩ አሴምብለር አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ የትእዛዞቹ ሠንጠረዥ አለ ማለት ስለሆነ ብዙ ሥራ አይቀርም።

ከዚያ የጂዲቢ የራሱ ፋይል ይመጣል፤ በፕሮሰሰሩ ስም ተሰይሞ "ቲዴፕ" የሚል ቅጥያ የሚይዘው። ስሙ ኮንፊገር ቲጂቲ በተባለው ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ፋይሉ ደግሞ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን የሚመልሱ ፈንክሽኖችን ለጂዲቢ ያስመዘግባል። ስንት ሬጅስተር አለ? ስማቸውና ስፋታቸው ምንድን ነው? የትኛው ፒሲ (የሚፈጸመውን ትእዛዝ አድራሻ የሚይዘው)፣ የትኛው ኤስፒ (የስታኩን ጫፍ የሚይዘው) ነው? ስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች ዋጋቸውን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ) ወደ ታች ያድጋል ወይስ ወደ ላይ?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ውሸት ይወለዳል፤ በቁጥር ምክንያት። ጂዲቢ ለሪስክ-ፋይቭ ኢንቲጀር ሬጅስተሮች ከ0 እስከ 31 ይሰጣል፣ ለፒሲ 32፣ ለፍሎት ሬጅስተሮች ከ33 እስከ 64። ኮምፓይለሩ የዲበግ መረጃ የሚጽፍበት ድዋርፍ ግን ፒሲን ስለማይቆጥር ፍሎቶቹን ከ32 እስከ 63 ይላቸዋል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ናት። ከድዋርፍ ቁጥር ወደ ጂዲቢ ቁጥር የሚመልሰው ፈንክሽን ካልተጻፈ፣ ኤፍ10 ውስጥ ያለ ዋጋ በድዋርፍ 42 ተብሎ ይመጣል፤ ጂዲቢም 42ኛውን፣ ማለትም ኤፍ9ን አንብቦ ያሳያል። የሚታየው ቁጥር የተበላሸ አይመስልም፤ ከጎረቤት ሬጅስተር የመጣ ደህና ቁጥር ነው። ስለዚህ የቁጥሮቹን ሠንጠረዥ ከኤቢአይ (ስለ ሬጅስተርና ስለ ፈንክሽን ጥሪ የተደረሰው ደንብ) ሰነዱ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ መጻፍ እንጂ "በቅደም ተከተል ይሆናል" ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ጂዲቢ ከኢሙሌተሩ ወይም ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት የሪሞት ፕሮቶኮል ቀላል ነው። ፓኬቱ በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ በ# ያበቃል፤ ከዚያ የፊደሎቹ ድምር ለ256 ተካፍሎ የቀረው በሁለት የሄክሳዴሲማል አሃዝ ይከተላል። ሁሉንም ሬጅስተሮች የሚጠይቀው ፓኬት ትንሿ ጂ ፊደል ብቻ ናት፤ የፊደሏ ኮድ በሄክሳዴሲማል 67 ስለሆነ ቼክሰሙም 67 ነው። መልሱ ሬጅስተሮቹ በተርታ የተጻፉበት ረጅም የሄክስ መስመር ነው። በ64 ቢት ሪስክ-ፋይቭ 32ቱ ሬጅስተሮችና ፒሲ፣ እያንዳንዳቸው 8 ባይት፣ 264 ባይት ወይም 528 ፊደል ይሆናሉ። ርዝመቱ ጂዲቢ ከሚጠብቀው ከበለጠ "የጂ ፓኬት መልስ በጣም ረጅም ነው" ይልና ያቆማል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጂዲቢን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ሁለቱ ወገኖች በሬጅስተሮች ብዛት ወይም በ32 እና በ64 ቢት አለመስማማታቸው ነው።

የባይት ቅደም ተከተልም ወጥመድ አለው። የሬጅስተር ዋጋ የሚላከው በፕሮሰሰሩ የባይት ቅደም ተከተል ነው፣ የሜሞሪ አድራሻ ግን እንደ ተራ ቁጥር ከትልቁ አሃዝ ጀምሮ ይጻፋል። የራሱን ስተብ (በኢሙሌተሩ ወይም በቦርዱ በኩል ሆኖ ለጂዲቢ የሚመልሰውን ኮድ) የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም በአንድ ፕሪንትኤፍ ካወጣቸው፣ በ32 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ፒሲ በሄክሳዴሲማል 80000000 ሆኖ ሳለ ጂዲቢ 80 ብሎ ያነበዋል።

ፕሮቶኮሉ ላይ በጣም የምወደው ግን ሌላ ነው። ስተቡ አንድን ሬጅስተር ማንበብ ካልቻለ በዜሮ ፈንታ የኤክስ ፊደሎችን ይልካል፤ ጂዲቢም "አይገኝም" ብሎ ይጽፋል። ዜሮ መላክ ይቀላል፤ ብዙ ስተቦችም ይህን ያደርጋሉ። ዜሮ ግን መልስ ነው፣ ያውም የሐሰት መልስ።

ኪውኢሙን "ቨርት" በተባለው ማሽን፣ ፕሮሰሰሩ ከመነሻው ቆሞ እንዲጠብቅ አድርጎ ማስነሳት ይቻላል፤ በወደብ 1234 ላይ ያዳምጣል። ጂዲቢ ሲገናኝ ፒሲ በሄክሳዴሲማል 1000 ላይ ከታየ የሬጅስተሩ በኩል ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጫንበት ራም የሚጀምረው 80000000 ላይ ነው።

ቀጥሎ ብሬክፖይንት። ጂዲቢ በአድራሻው ያለውን ትእዛዝ አንስቶ በቦታው የሚያቆም ትእዛዝ ይተክላል። ሪስክ-ፋይቭ ኢብሬክ የሚባል ባለ 4 ባይት ትእዛዝ አለው፣ ኮዱ 00100073፤ የታመቁ ትእዛዞች ባሉበት ደግሞ ባለ 2 ባይት፣ 9002። የትኛው ይተከል የሚለው በነባሩ ትእዛዝ ርዝመት ይወሰናል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች ሁለቱም 1 ካልሆኑ ትእዛዙ 2 ባይት ነው። በ2 ባይት ትእዛዝ ላይ 4 ባይት ከተከልን የሚቀጥለውንም እንበላለን። ፕሮግራሙ ቀጥታ ከመጣ መጀመሪያው ላይ ስለሚቆም ችግሩ አይታይም። በሌላ መንገድ ዘሎ ወደ ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጣ ግን የኢብሬክን ቁራጭ ይፈጽማል። ዲበገር ሲያያዝ ብቻ የሚወድቅ ፕሮግራም ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከቆመ በኋላ ፒሲ የት ላይ እንደሚገኝ ደግሞ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል። ኤክስ86 ላይ አንዷ ባይት ተፈጽማ ፒሲ አንድ ባይት አልፎ ይገኛል፤ ጂዲቢ 1 እንዲቀንስ ይነገረዋል። ሪስክ-ፋይቭ ላይ ፒሲ በኢብሬኩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ መቀነስ የለበትም። ከሌላ ፕሮሰሰር ፋይል ገልብጦ የጀመረ ሰው ይህችን መስመር ሳያይ ሊያስቀራት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኋላ ቆጠራ። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲታሰብ መንዝ ውስጥ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያሉ። ሦስተኛው አባት በስሕተት ከተጠራ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ዘር ነው፤ ስሞቹ ግን ለጆሮ እውነት ይመስላሉ። የጂዲቢ የቢቲ ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ከቆምንበት ፈንክሽን ተነሥቶ ማን እንደጠራው፣ ያንንም ማን እንደጠራው ይቆጥራል፤ አንዱ ፍሬም (የአንድ ጥሪ ድርሻ) ላይ የመመለሻ አድራሻው ከተሳሳተ የቀረው ዝርዝር ልብ ወለድ ነው።

ኮምፓይለሩ የድዋርፍ የፍሬም መረጃ ከጻፈ ጂዲቢ እሱን ይከተላል፤ የኛ ድርሻ የሬጅስተር ቁጥሮቹን ማስተካከልና ድዋርፉን ከራሳችን ዘዴ በፊት ማስመዝገብ ነው። መረጃው በሌለበት፣ ለምሳሌ በእጅ በተጻፈ አሴምብሊ ወይም ያለ ፍሬም መረጃ በተገነባ ላይብረሪ ውስጥ፣ የፈንክሽኑን መግቢያ ትእዛዞች ማንበብ ግድ ነው። ማመቻቸት በሌለበት ግንባታ የ64 ቢት ሪስክ-ፋይቭ መግቢያ በተለምዶ እንዲህ ይሄዳል፦ ኤስፒ በ32 ይቀንሳል፤ የመመለሻ አድራሻው ሬጅስተር አርኤ ከኤስፒ 24 ባይት ላይ ይቀመጣል፤ ኤስ0 16 ባይት ላይ፤ ከዚያ ኤስ0 የኤስፒና የ32 ድምር ይሆናል። አንባቢው ኮድ ከፈንክሽኑ መጀመሪያ ተነሥቶ እነዚህን ይከታተላል፣ ግን እስከ አሁኑ ፒሲ ድረስ ብቻ። ገና ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ ቆመን አርኤ ስታክ ላይ ተቀምጧል ብሎ ካሰበ ከዚያ ቦታ የሚያነበው ያለፈ ጥሪ ትራፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክለኛ የሚመስል አድራሻ ይሆናል።

ሌላ ፈንክሽን የማይጠራ ፈንክሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ አርኤን አያስቀምጥም፤ አድራሻው ሬጅስተሩ ውስጥ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ለመጀመሪያው ፍሬም ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ባለ ፍሬም አርኤ ተቀምጦ ካልተገኘና የአሁኑ ሬጅስተር ዋጋ ከተወሰደ፣ ቆጠራው በራሱ ላይ ይዞራል፤ ጂዲቢም ያለፈው ፍሬም ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፣ ስታኩ ተበላሽቶ ይሆን ብሎ ያቆማል። ስታኩ ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

ለእያንዳንዱ ፍሬም መለያም ይሰጠዋል፤ የጠሪው ስታክ አድራሻና የፈንክሽኑ መጀመሪያ ተጣምረው። መለያው ከፈንክሽኑ የመጀመሪያ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው አንድ ሆኖ መቆየት አለበት። ኔክስት (የተጠራ ፈንክሽን ውስጥ ሳይገባ ወደ ቀጣዩ መስመር የሚሄደው ትእዛዝ) ስንል ጂዲቢ ወደ ተጠራ ፈንክሽን መግባቱን የሚያውቀው መለያዎችን በማነጻጸር ስለሆነ፣ መለያው በመግቢያው መካከል ከተቀየረ ኔክስት ፈንክሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ፊኒሽም (ፈንክሽኑ እስኪመለስ የሚሄደው ትእዛዝ) የማይሆን ቦታ ይቆማል። ሰው የኔክስትን ኮድ ሲፈትሽ ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ፈተና አሰልቺው ነው፦ ከፈንክሽኑ መጀመሪያ እስከ መመለሻው በስቴፕአይ (አንድ ትእዛዝ ብቻ በሚራመደው) እየሄዱ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ቢቲ ማለት። ከመጀመሪያው መስመር ፒሲ በቀር ምንም መለወጥ የለበትም። መውጫው ላይ፣ ኤስፒ ከተመለሰ በኋላና ከመመለሻው ትእዛዝ በፊት ያለችው አንዷ ቦታ ብዙ ጊዜ ትከዳለች።

ቆጠራው የሚያበቃበትም መነገር አለበት። የፕሮግራሙ መነሻ ኮድ ጠሪ የለውም፤ በድዋርፍ የአርኤ ዋጋ "ያልተወሰነ" ተብሎ ከተጻፈለት ጂዲቢ እዚያ ያቆማል። ካልተጻፈለት ከዋናው ፈንክሽን በላይ የማይታወቁ አድራሻዎች ይደረደራሉ። በሊኑክስ ላይ ከርነሉ ሲግናል ሲያደርስ የሚፈጥረው የሲግናል ፍሬምም ለብቻው ይታወቃል፤ ሪስክ-ፋይቭ ላይ 139 ቁጥር ሲስተም ኮል የሚጠሩትን ሁለት ትእዛዞች በመለየት።

የፈንክሽን መልስ አጭር ነው ግን ይዋሻል። ፊኒሽ ስንል ጂዲቢ መልሱን ከየት እንደሚያነብ ኤቢአዩ ይነግረዋል። በ64 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ከ16 ባይት የሚበልጥ ስትራክት በሜሞሪ ይመለሳል። ደብል ግን እንደ ግንባታው በፍሎት ሬጅስተር ወይም በኢንቲጀር ሬጅስተር ሊመለስ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በኤልፉ ባንዲራዎች ውስጥ ተጽፏል፣ 0 ከሆነ በሶፍት (ያለ ፍሎት ሬጅስተር)፣ 2 ከሆነ በሲንግል፣ 4 ከሆነ በደብል ስሌት። ባንዲራውን ሳያነቡ አንዱን መገመት ማለት በግማሹ ፕሮግራም ላይ የተሳሳተ መልስ መስጠት ነው።

አንድ ትእዛዝ ብቻ መራመድም በሪስክ-ፋይቭ ሊኑክስ ላይ ከከርነሉ አይገኝም። ጂዲቢ ራሱ የሚቀጥለውን አድራሻ አስልቶ ጊዜያዊ ብሬክፖይንት ይተክላል፤ ስለዚህ የቅርንጫፍ ትእዛዞችን ሁሉ መፍታት አለበት። ጥንድ ሆነው በሚሠሩት የአቶሚክ ትእዛዞች (አንዱ የሜሞሪ ቦታ ይዞ የሚያነብ፣ ሌላው ቦታው ካልተለቀቀ ብቻ የሚያስቀምጥ) መካከል ግን መቆም አይቻልም። ከቆምን የተያዘው ቦታ ይለቀቃል፣ ማስቀመጡ ይከሽፋል፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይሞክራል፣ እኛም እንደገና እናቆመዋለን፤ ማብቂያ የለውም። ቅደም ተከተሉን ለይቶ ብሬክፖይንቱን ከመጨረሻው በኋላ መትከል ነው።

ፈተናዎቹ ከጂዲቢ ጋር ይመጣሉ፤ የሚሮጡት ደጃኑ በተባለው የፈተና ማስኬጃ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስነሳት ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ የብሬክፖይንት፣ የስትራክትና የፈንክሽን ጥሪ ፈተናዎችን በስም እየጠሩ ማስቀደም ይሻላል። ውጤቱን ኤክስ86 ላይ ከሮጠው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ እዚያም የሚወድቁ ፈተናዎች አሉና።

ኢሙሌተሩ የሚደብቀው ነገር ግን አለ። ኪውኢሙ ብሬክፖይንትን በራሱ ዝርዝር ስለሚይዝ የኛን የኢብሬክ ኮድ ሜሞሪ ላይ አይጽፈውም፤ በሪሞት የተደረገ ፈተና ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ያ ክፍል ገና አልተሞከረም። በኪውኢሙ ውስጥ ሙሉ ሊኑክስ አስነስቶ ጂዲቢን እዚያው ውስጥ ማስኬድ ይህን ይፈትሻል። የትእዛዝ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ያነበባቸውን ትእዛዞች የሚያቆይበት ቦታ) ችግር ግን እዚያም አይወጣም፤ ኪውኢሙ ኮዱ ሲቀየር ራሱ ያድሰዋል። እውነተኛ ቦርድ ላይ የሚሮጥ ስተብ ኢብሬክ ከጻፈ በኋላ ፌንስ-አይ የሚባለውን ትእዛዝ ካልሰጠ ፕሮሰሰሩ አሮጌውን ትእዛዝ ከካሽ ሊፈጽም ይችላል፤ ብሬክፖይንቱ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ያልፋል። ቦርድ እጅ ላይ እስኪገባ ድረስ በስተቡ ኮድ ውስጥ ሜሞሪ የሚጻፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ በዓይን መፈተሽና ከእያንዳንዱ በኋላ ፌንስ-አዩ መኖሩን ማረጋገጥ ነው።